ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ድልድዮች፤ ሲድኒና ሜልበርን በአንድ መሐንዲስ ዓይን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ሁለት ዓመት በሜልበርን ተምሬ፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ተኩል በሲድኒ በአንድ የምሕንድስና ቢሮ ተቀጥሬ ሠርቼ ወደ አገሬ ከተመለስሁ ወዲህ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሰላምታውን እንደ ጨረሰ የሚያስከትልልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከሁለቱ የትኛዋ ትሻላለች?» ይለኛል። መልሴ እንደ ጠያቂው ይለያይ ነበር። ልጁን ለትምህርት ሊልክ ላሰበ አባት ሜልበርንን አመሰግንለታለሁ። ለሽርሽር ለሚሄድ ሰው ሲድኒን እመርጥለታለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ባለችበት ጊዜ ደግሞ፣ እርስዋ የሲድኒ ወዳጅ ስለ ሆነች፣ ዝም ማለትን እመርጣለሁ። የማኅበራችን ኮሚቴ ስለ ሁለቱ ከተሞች ኑሮ በዚህ ጉባኤ እንድናገር ሲጠይቀኝ ግን በዝምታ ማለፍ አልተቻለኝም። ስለዚህ እንደ ጎብኚ ሳይሆን እንደ ሙያችን ሰው፣ ሐዲዱንና ድልድዩን እየተከተልሁ ለመናገር እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

የሁለቱ ከተሞች ፉክክር ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ ለመረዳት በ1923 ወይም በ1823 የሆነውን መፈለግ አያስፈልግም፤ በ2023 የሆነው ይበቃል። የአውስትራሊያ የስታቲስቲክስ ቢሮ ለአንዱ አቆጣጠሩ የከተሞችን ወሰን እንደገና ሲከልል፣ በምዕራብ በኩል የምትገኘውን ሜልተንን ከሜልበርን ጋር ቀላቀላት። በዚህም ምክንያት ሜልበርን ከመቶ ዓመት በላይ በሕዝብ ብዛት የቀደመቻትን ሲድኒን በጥቂት ሺህ ሰዎች በለጠች ተባለ። ጋዜጦቹም እንደ ኳስ ጨዋታ ውጤት አወሩት። ሰፋ ያለውን ክልል በሚወስደው በሌላው አቆጣጠር ግን ሲድኒ ቀዳሚነቷን አልለቀቀችም። ሁለቱም ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው፤ አሸናፊዋን የለየው አንድ ቀያሽ በካርታ ላይ ያሰመረው መስመር ነው። በዚህ አዳራሽ ያሉ የቅየሳ ባለሙያዎች ይህን ሲሰሙ ፈገግ እንደሚሉ እገምታለሁ።

የፉክክሩ መነሻ ከአመሠራረታቸው ነው። ሲድኒ በ1788 የእንግሊዝ እስረኞች ሰፈር ሆና ተቆረቆረች። ሜልበርን በ1835 በነጻ ሰፋሪዎች ተመሠረተች፤ ይህንንም ልዩነት የሜልበርን ሰው ዛሬም ቢሆን በጨዋታ መካከል ጣል ማድረግ አይረሳም። በ1851 በቪክቶሪያ ግዛት ወርቅ ሲገኝ ታናሺቱ ከታላቂቱ ይልቅ ባለጸጋ ሆነች። በ1901 ግዛቶቹ በአንድ መንግሥት ሥር ሲተባበሩ ዋና ከተማ ማን ትሁን የሚለው ጥያቄ ሊፈታ ባለመቻሉ፣ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንድ አስገራሚ አንቀጽ ገባ። ዋና ከተማው በሲድኒ ግዛት በኒው ሳውዝ ዌልስ ይሁን፤ ነገር ግን ከሲድኒ ከ100 ማይል ያላነሰ ይራቅ፤ እስኪሠራ ድረስም ምክር ቤቱ በሜልበርን ይቀመጥ የሚል ነው። ምክር ቤቱ ወደ ካንቤራ የተዛወረው በ1927 ነበር። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ በሬ ተጣልተው በሬውን ለሦስተኛ ሰው እንደ መስጠት ያለ ፍርድ ነው።

ይህ ሁሉ ፖለቲካ ነው ትሉኝ ይሆናል። ወደ ሙያችን የሚያስገባን የሐዲዱ ታሪክ ነው።

በ1850ዎቹ ዓመታት ሁለቱ ግዛቶች ባቡር ሊሠሩ ሲነሡ፣ የሲድኒው ዋና መሐንዲስ አየርላንዳዊ ስለ ነበር ባገሩ የለመደውን የ1600 ሚሊ ሜትር የሐዲድ ስፋት መረጠ፤ ሜልበርንም ተስማማች። መሐንዲሱ ሥራውን ሲለቅ የተተካው ስኮትላንዳዊ ግን የእንግሊዙን 1435 ሚሊ ሜትር ይሻላል ብሎ አስለወጠ። በዚህ ጊዜ ሜልበርን ባቡሮቿን በቀድሞው ስምምነት መሠረት አዝዛ ስለ ነበር አልመለስም አለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 165 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ነው። ሁለቱ ሐዲዶች በ1883 በድንበሩ ከተማ በአልበሪ ሲገናኙ ግን፣ ከሲድኒ ወደ ሜልበርን የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ በሌሊት ከእንቅልፉ እየተነሣ፣ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ከአንዱ ባቡር ወርዶ ወደ ሌላው መሳፈር ግዴታው ሆነ። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን በ1895 በዚያ ሲያልፍ ይህ ደርሶበት በመጽሐፉ ውስጥ ተሳልቆበታል። በአልበሪ ጣቢያ ሁለቱን ባቡሮች ለማስተናገድ የተሠራውን ከ400 ሜትር በላይ የሚረዝም የመሳፈሪያ መድረክ እኔም ወርጄ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ባቡር ሳይለወጥ በአንድ ሐዲድ ከከተማ ወደ ከተማ መሄድ የተቻለው በ1962 ነው። ይህም ማለት የሁለት መሐንዲሶች ምርጫና የሁለት መንግሥታት እልክ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሕዝቡን በሌሊት ሲቀሰቅስ ኖረ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ሳነብ ለመሳቅ አልደፈርሁም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡራችን 1000 ሚሊ ሜትር፣ ከምጽዋ አሥመራ የወጣው ደግሞ 950 ሚሊ ሜትር ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መሥመር 1435 ነው።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮ ልመለስ። በሜልበርን የሚኖር ሰው ኑሮው ከትራም ጋር የተያያዘ ነው። የከተማይቱን እምብርት በ1837 የቀየሰው ሮበርት ሆድል ዋና ዋናዎቹን ጎዳናዎች 99 ጫማ፣ ማለት 30 ሜትር ያህል ስፋት ሰጣቸው። ያን ጊዜ በዚያ ቦታ ጥቂት ጎጆዎችና ድንኳኖች ብቻ በነበሩበት፣ ይህ ሁሉ ስፋት ምን ይሠራል ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ዛሬ በመካከሉ ሁለት ሐዲድ፣ በግራና በቀኝ መኪና፣ ከዚያም ዛፍና ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይዞ ይታያል። የትራሙ መረብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በዓለም ላይ ከሚገኙት ሁሉ ረጅሙ ነው። ከ2015 ወዲህ በከተማይቱ እምብርት ውስጥ ለትራም አይከፈልም። የተማሪነት ኪሴ ሳሳ ባለ ጊዜ፣ አንዲት ፌርማታ ለመሄድም ቢሆን ዘልዬ እገባ እንደ ነበር አልደብቅም። የመኪናው ሕግ እንኳ ለትራሙ ያጎነብሳል፤ በአንዳንድ መስቀለኛ መንገዶች ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና በስተግራ ጥግ ይዞ ቆሞ፣ ትራሙን አሳልፎ ይዞራል። የሲድኒ ሰው መኪናውን ይዞ ሲመጣ በዚህ ግራ ሲጋባና ጡሩምባ ሲነፋበት ማየት ለሜልበርን ሰው ትልቅ ደስታ ነው።

ትራሙ የቀረው ሜልበርን ከሲድኒ የበለጠ ብልህ ስለ ነበረች ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራም ያረጀ ነገር ነው፣ ዘመኑ የአውቶቡስና የመኪና ነው የሚለው አስተሳሰብ በሁለቱም ከተሞች እኩል የተስፋፋ ነበር። በሜልበርን ግን ከ1949 እስከ 1970 የትራም ቦርዱን የመራው መሐንዲሱና ጄኔራሉ ሮበርት ሪሰን ነበር። ይህ ሰው ጋዜጦቹ እየወቀሱት፣ ፖለቲከኞቹ እየገፉት፣ ትራሞቹን ማደስና ሐዲዱን በወፍራም ኮንክሪት ውስጥ መቅበር ቀጠለ። ሐዲዱን በኮንክሪት ያስቀበረው በኋላ የሚመጣ ሰው ለመንቀል ወጪው እንዲያስፈራው ነው ይባላል። እውነት ይሁን ሐሜት፣ የሙያችን ሰው ለክርክር መልስ የሰጠበት መንገድ በመሆኑ ደስ ይለኛል።

የሲድኒ ነገር የተለየ ነው። የሲድኒ ትራም በደጉ ዘመኑ በ1945 በዓመት ከ400 ሚሊዮን በላይ ተሳፋሪ ያመላለሰ፣ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ነበር። ጎዳናዎቹ እንደ ሜልበርን በገመድ የተለኩ ሳይሆኑ የእግርና የጋሪ መንገድ እየሰፋ የሄደባቸው በመሆናቸው፣ መኪናው ሲበዛ ትራሙ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ። መሥመሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻው ትራም በየካቲት 1961 ወደ ማደሪያው ገባ። በወደብ ድልድዩ ምሥራቃዊ ጎን የነበሩት ሁለት የትራም ሐዲዶችም ተነቅለው ለመኪና ተሰጡ። ዛሬ ዓለም ሁሉ በፎቶግራፍ የሚያውቀው የሲድኒ ኦፔራ ቤት የቆመው የትራም ማደሪያ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ማደሪያው በ1958 ፈርሶ ለኦፔራው ቦታ ለቀቀ። ይህ ልውውጥ መጥፎ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ያን ሕንፃ በምሽት አይቼ የፈረሰውን ማደሪያ የምናፍቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሲድኒ ትራሙን በዚያው በጆርጅ ጎዳና ላይ መልሳ ዘረጋችው። 12 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ይህ መሥመር በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ተከፈተ። መጀመሪያ 1.6 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይፈጃል ተብሎ ሲያልቅ ወደ 3 ቢሊዮን ተጠጋ። ከመሬት በታች ያልታወቀ መሥመርና ቱቦ እየተገኘ ሥራው ሲዘገይ በጎዳናው ላይ የነበሩ ነጋዴዎች ለዓመታት ደጃቸው በአጥር ታጥሮ ከሰሩ። አባቶች የነቀሉትን ልጆች በዚህ ዋጋ ተከሉት።

ሆኖም ሲድኒን ስወቅስ ባለቤቴ እንዳትታዘበኝ፣ የከተማ ዳርቻ ባቡሩ በእኔ ግምት ከሜልበርን ይሻላል። የምንኖረው ከመሐል ከተማ ወደ 35 ኪሎ ሜትር በሚርቀው በብላክታውን ነበር፤ ለምን እንደዚያ ርቃችሁ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የቤት ኪራዩ ነው። በሲድኒ ባሕሩ የሚታይበት ቤት የሀብታም ነው፤ እኛን የመሰለ ሰው ባሕሩን የሚያየው በእረፍት ቀን ነው። በየጠዋቱ ባለ ሁለት ፎቅ ባቡር ውስጥ ፎቁ ላይ ተቀምጬ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል እያነበብሁ እሄዳለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ በጀልባ ወደ ማንሊ እንሻገር ነበር። ጀልባው የወደቡን አፍ ሲያልፍ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ማዕበል ከፍ ዝቅ ሲያደርገን ባለቤቴ ትስቃለች፤ እኔ የጀልባውን ጠርዝ እጨብጣለሁ። ሜልበርን እንደዚህ ያለ ነገር የላትም። ወንዟ ደፍራሽ ነው፤ አየሯም በአንድ ቀን አራት ወቅት ያፈራርቃል። የሜልበርን ሰው ውበቱን ያደረገው በቡና ቤቱ፣ በጠባብ መተላለፊያ መንገዶቹ፣ በጨዋታ ሜዳው ነው። ስለ ቡናው ብቻ አንድ ነገር ልናገር፤ ጣሊያኖች ያስተማሩትን ቡና ይዞ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ስለ ቡና ሲያስረዳ በትዕግሥት አዳምጬዋለሁ።

የሜልበርንም ትራም ቢሆን ሁሉን አይደርስም። ያገራችን ሰዎች በብዛት ያሉባት ፉትስክሬይ ለመሐል ከተማው ቅርብ ናት። ቤት ልግዛ ያለ ቤተሰብ ግን ሐዲዱ ወደማይደርስባቸው አዳዲስ ሰፈሮች እየራቀ ሄዷል። እዚያ መኪና ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ለባል አንዱ ለሚስት። በዚህ በኩል ከብላክታውን ሰው የሚለያቸው ነገር አላየሁም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ግን ጥያቄውን ለራሴ የፈታልኝ አይደለም። የፈታልኝ የድልድዮቹ ነገር ነው።

የሲድኒ ወደብ ድልድይ በመጋቢት 1932 ተከፈተ። የዋናው ቅስት ርዝመት 503 ሜትር ነው። ሐሳቡን ለብዙ ዓመታት ተሸክሞ ለፍጻሜ ያበቃው መሐንዲሱ ጆን ብራድፊልድ ሲሆን፣ ለተቋራጩ ለዶርማን ሎንግ ዝርዝር ንድፉን የሠራው የለንደኑ ራልፍ ፍሪማን ነበር። ቅስቱ ከሁለቱም ዳርቻ ተጀምሮ በባሕሩ ላይ እየተንጠለጠለ ወደ መካከል ሄደ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ወደ ኋላ በብረት ገመዶች ተይዞ ነበር። በነሐሴ 1930 ሁለቱ ክንዶች ሲቀራረቡ በመካከላቸው አንድ ሜትር ያህል ክፍተት ቀረ። መሐንዲሶቹ ገመዶቹን በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ፣ ነፋስ ሲነሣ እየቆሙ፣ ከአሥር ቀን በላይ ቀንና ሌሊት ሠርተው ሁለቱን ጫፎች አገናኙ። ከመከፈቱ በፊትም 96 የባቡር ሞተሮች ተደርድረውበት ተፈተነ። በሥራው 16 ሰዎች ሞተዋል፤ ድልድዩ ግን ይኸው ቆሟል። በሲድኒ ሳለሁ በየጊዜው እንግዳ ወስጄ ያሳየሁት ይህን ነው።

በሜልበርን ያለው ሌላ ነው። የተማርሁበት የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ሕንፃዎች ባሉበት አካባቢ አንድ የአትክልት ስፍራ አለ። በውስጡ የተጠማዘዙ፣ እንደ ወረቀት የተጨማደዱ ትልልቅ የብረት ቁራጮች ቆመዋል። መጀመሪያ ሳያቸው የዘመኑ ቅርጻ ቅርጽ መስለውኝ ነበር። እነዚያ ቁራጮች በጥቅምት 15 ቀን 1970 የወደቀው የዌስት ጌት ድልድይ ብረቶች ናቸው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ በትምህርት ታውቁታላችሁ፤ ላላወቀው ባጭሩ ልናገር። ድልድዩ ሣጥን መሰል የብረት ጊርደር ነበር። በምዕራቡ በኩል ያለው 112 ሜትር ክፍል በሁለት ግማሽ፣ ማለት ግራና ቀኝ ለየብቻ መሬት ላይ ተሠርቶ ወደ ላይ ተነሣ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንዱ ከፍታ ከሌላው በ114 ሚሊ ሜትር በለጠ። ይህን ለማስተካከል አውርዶ ማረም ሲገባ፣ ከፍ ባለው ላይ እያንዳንዳቸው 8 ቶን ያህል የሚመዝኑ የኮንክሪት ድንጋዮች ተጫኑበት። ብረቱ ጎበጠ። ጉብጠቱን ለማቃናት የመጋጠሚያውን ብሎኖች መፍታት ተጀመረ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ50 ሲሆን 2000 ቶኑ ከነሠራተኞቹ ወረደ። ከሥሩ የሠራተኞች ማረፊያ ቤቶች ነበሩ። 35 ሰዎች ሞቱ።

ሁለት ነገሮች ሳስታውስ ዛሬም ይከብደኛል። አንደኛው፣ ከዚያ ከአራት ወር በፊት በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን በተባለው ቦታ የዚያው ነዳፊ ድርጅት ሌላ ድልድይ ወድቆ 4 ሰዎች ሞተው ነበር። የሜልበርን ሠራተኞች ይህን ሰምተው ሲጠይቁ የእኛው የተለየ ነው፣ አትሥጉ ተብለው ነበር። ሁለተኛው፣ ያ ነዳፊ ድርጅት ፍሪማን ፎክስና ሸሪኮቹ ነው፤ ማለትም የሲድኒውን ድልድይ የነደፈው የራልፍ ፍሪማን ቤት ነው። ሲድኒ የምትመካበትና ሜልበርን የምታለቅስበት ድልድይ ከአንድ ቤት ወጡ። አንዱ ክፍተት በትዕግሥት ተዘጋ፤ አንዱ በክብደት ተጨፈለቀ።

ዌስት ጌት ታርሞ በ1978 ተከፍቷል፤ በየቀኑ መኪና ይጎርፍበታል። ብረቶቹ ግን መሐንዲስ በሚማርበት ቦታ እንዲቆሙ ተደርጓል። መምህራችን በመጀመሪያው ሳምንት ወደዚያ ወስዶን ብዙ አልተናገረም፤ ቁጥሮቹን ነገረን፣ ብረቱን በእጃችን እንድንነካ አደረገ፣ ወደ ክፍል ተመለስን። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ በአጠገቡ አልፍ ነበር።

ባለፈው ዓመት ስሙን በማልጠራው አንድ ሥራ ላይ የእግረኛ መሻገሪያ ብረት ስናቆም፣ የሁለቱ ክፍሎች ጫፍ በ4 ሳንቲ ሜትር አልገጠመም። «ሸክም ብንጭንበት ይወርዳል» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀኑ አልፎበት፣ ቅጣት ፈርቶ ነበር። እንዲወርድ፣ እንዲቆረጥና እንደገና እንዲበየድ አዘዝሁ። አምስት ሳምንት ጠፋ፤ ተወቀስሁበትም። አራት ሳንቲ ሜትር ምን ያደርግ ነበር የሚሉኝ ዛሬም አሉ፤ ምናልባት ምንም ላያደርግ ይችል ነበር።

እንግዲህ የትኛዋ ትሻላለች ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው። ለዓይንና ለእሑድ ሲድኒ ትሻላለች፤ ባለቤቴ በዚህ ትረታኛለች። የሥራ ሕይወቴን የምጀምርባት ከተማ አንድ ጊዜ እንደገና ምረጥ ብባል ግን ሜልበርንን እመርጣለሁ፤ ትራሟን ስላልነቀለች ብቻ ሳይሆን የወደቀባትን ከተማሪዎቿ ዓይን ስላልሸሸገች።

በሜልበርን ከተዋወቅኋቸው ሰዎች መካከል፣ በአገራችን በቴክኒክ ሙያ ሠርተው እዚያ የትራም ነጂ የሆኑ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015 ሲከፈት በስልክ ፎቶግራፉን አስልከው ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ አሳይተው እንደ ነበር አጫውተውኛል፤ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ፣ 41 ባቡር። በኋላ ባሉት ዓመታት ከእነዚያ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫና በጥገና እጥረት የቆሙበት ጊዜ እንደ ነበር ታውቃላችሁ፤ ሐዲዱ ተነሥቶ መንገዱ ለመኪና ቢሰጥ ይሻላል የሚል አስተያየትም በሙያ ሰዎች አፍ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ለዚያ አስተያየት የማቀርበው መልስ የጆርጅ ጎዳናን ሒሳብ ነው፤ ለመንቀል ያወጡትን ሳይሆን መልሶ ለመትከል ያወጡትን።

ጋሼ ባለፈው የዘመን መለወጫ ደውለው መልካም በዓል ካሉኝ በኋላ፣ «አንተ፣ ያ ባቡር ይሄዳል?» ብለው ጠየቁኝ። «ይሄዳል ጋሼ፤ ቁጥሩ ግን አንሷል» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ስንት ሜካኒክ አላችሁ?» አሉኝ። ቁጥሩን አላውቀውም ነበር። ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ ከስብሰባው በኋላ ቢነግረኝ፣ ለጋሼ ያልመለስሁት ጥያቄ አለብኝ።